መሐላ ዋስ አይሆንም

የሥነ ምግባር ነገር በአገራችን በተነሣ ቁጥር፣ በለቅሶ ድንኳንም ቢሆን በጉባኤ አዳራሽ፣ በዐውደ ምሕረትም ቢሆን በጋዜጣ ዓምድ፣ ሽማግሌውና ምሁሩ ሳይነጋገሩ የሚስማሙበት አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም የቀድሞ ሰው መሐላ ይፈራ ነበር፣ የዛሬ ሰው ግን ምሎ መክዳትን ከቁም ነገር ስለማይቈጥረው ሹሙ ይሰርቃል፣ ምስክሩ ይዋሻል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ወጣቱም የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል የሚል ነው። አቤቱታው እንዳለቀ የሚታዘዘው መድኃኒትም ዘወትር አንድ ነው፤ መሐላው ይጥበቅ፣ ሹመኛው ካህኑ ወይም ሼኹ ባለበት በቅዱስ መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ ይማል፣ ከተቻለም ግዝት ይታከልበት ይባላል። ይህን አሳብ የሚያቀርቡት ሰዎች ቅኖች እንደ ሆኑ አልጠራጠርም፤ አሳቡ ግን ታሪካችንንም የሰውን ጠባይም የሳተ ነው። የቀድሞው ሰው እንደሚወራለት መሐላን አልፈራም፤ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ እኛም ዛሬ የተቸገርነው ያን ሌላውን ነገር ጥለን መሐላውን ብቻ ታቅፈን ስለቀረን ነው።

እስኪ «የቀድሞ ሰው» የሚባለውን ራሱን ለምስክርነት እንጥራው። ዳግማዊ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ የልጃቸውን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ አልጋ ወራሽ አድርገው ሲሰይሙ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ማሉ፤ አዋጁም በግዝትና በርግማን ታሰረ፣ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ጥቁር ውሻ ይውለድ እስከ መባል ተደረሰ። ከዚህ የበረታ መሐላ በአገራችን ታሪክ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል። ነገር ግን ሰባት ዓመት ገደማ አልፎ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ያው መኳንንት በአዲስ አበባ ተሰብስቦ፣ ልጅ ኢያሱ ከሃይማኖታቸው ወጥተዋል ብሎ ከሥልጣን ሲያወርዳቸው፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የማለውን ሁሉ ከመሐላው ፈቱት። ልጅ ኢያሱ በድለው ነበር ወይስ ተበድለው የሚለው ክርክር ዛሬም ያላለቀ ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም፤ የእኔ ጥያቄ ስለ መሐላው ነው። ጥቁር ውሻ ያስወልዳል ተብሎ የተፈራው መሐላ በአንድ ቀን ጉባኤ የሚፈታ ከሆነ፣ ቍልፉ የነበረው ከመጀመሪያውም በሰማይ ሳይሆን በምድር፣ ያውም ጊዜው ባነሣው ወገን እጅ ነበር ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በፊተኛው መሐላ የጸናው የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦርና ከፊተኛው መሐላ የተፈታው የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ ተላለቁ፤ ነገሩን የፈረደውም ጦርነቱ ሆነ።

ይህ ብቻውን የቆመ ምሳሌ ቢሆን ኖሮ «አልፎ አልፎ ያጋጥማል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሆኖም ለዘውዱ ደኅንነት ከማንም ይልቅ በቃል የታሰረው የክብር ዘበኛ ጦር በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ተነሣባቸው፤ በገበያውም በሸንጎውም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» እያለ ሲምል የኖረው ሕዝብ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሽማግሌው ንጉሥ በቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ ከዳር ቆሞ አየ፤ እርሳቸውን ያወረደው ደርግም በተራው አንድ ሰውና አንድ ጥይት እስኪቀር እንዋጋለን እያለ ሲፎክርና ሲያስፎክር ከቆየ በኋላ መሪው ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወደ ሐራሬ በረሩ።

ታዲያ የቀድሞውን ሰው በቃሉ ያጸናው ምን ነበር? ይህን ለማወቅ ሲምል ከምንሰማው ይልቅ ገንዘቡን ሲያበድር ብንመለከተው ይሻላል፤ ሰው ማንን እንደሚያምን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና። በቀድሞው ሙግት፣ በዋርካ ጥላ ሥር፣ ተጠየቅ ልጠየቅ ብሎ የተነሣ ባለጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋስ ነበር። ዋስ ያጣ ሰው ከባለጋራው ጋር በነጠላው ጫፍ፣ ነገሩ ከበረታም በሰንሰለት ተቋጥሮ ቁራኛ ይሆናል፤ አበዳሪና ተበዳሪ እንደ ተቈራኙ መንገዱን አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፣ ሌሊቱንም ጐን ለጐን ያድራሉ። አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው መሐላ ይፈራ ነበር በሚባልበት በዚያው ዘመን ነው። ተበዳሪው በታቦት ቢምልለት፣ በልጆቹ ራስ ቢምልለት፣ አበዳሪው «እሺ፣ ካልክማ ሂድ» ብሎ አይለቀውም ነበር። ዋስ ከተገኘ ግን ይለቀዋል፤ ለምን ቢባል ዋሱ ጐረቤት ስለ ሆነ ነው፤ በሬዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ይታወቃል፣ የማሳው ድንበር ይታወቃል፣ ባለዕዳው ቢጠፋ ከዚያ በሬና ከዚያ ማሳ ላይ ይከፈላል። ባለዕዳውም ቢሆን እግዚአብሔርን ባይፈራ እንኳ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በወሩም በማኅበር ጠላ ላይ ከዋሱ ዓይን ጋር መገጣጠሙን ይፈራ ነበር።

ስለ አፈርሳታም የሚነገረን እንዲሁ ግማሹ ብቻ ነው። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የአገሩ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዳይሸሽግ ይምል ነበር ይሉናል፤ እውነት ነው፣ ይምል ነበር። የማይነግሩን፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ እዚያው እንዲውል መደረጉን፣ ወንጀለኛው ካልተገኘም አገሬው ካሣውን በኅብረት እንዲከፍል መገደዱን፣ ምስጢሩም ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ወፍ» በተባለው ስውር ጠቋሚ አማካይነት መሆኑን ነው። መሐላው ብቻውን አፍ የሚያስከፍት ቢሆን ኖሮ ወፍ ባላስፈለገ ነበር። እርሻው እያለፈበት፣ ከብቱ ያለ እረኛ እየዋለበት፣ የሰው ዕዳ ሊከፍል የተቃረበ ገበሬ መናገሩ አይደንቅም፤ የሚደንቀው እኛ ውጤቱን ለመሐላው መስጠታችን ነው።

ዛሬም ቢሆን መሐላ በብዛት የሚፈስበትን ቦታ ሄዶ ማየት ነው። ሽሮ ሜዳ ሱቁን የከፈተ ነጋዴ የቀሚሱን ዋጋ ሲጠራ «እናቴ ትሙት እኅቴ፣ በመጣበት ነው የምሰጥሽ» ይላል፤ ገዢዋ «ተው እንጂ፣ ጨምረሃል» ስትለው «ማርያምን አልጨመርኩም» ይላል፤ እርሷ ግን ማርያምንም እናቱንም የሰማች አትመስልም፤ ጥለቱን በሁለት ጣቷ ትፈትጋለች፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ ድርና ማጉን ታያለች፣ የጥለቱን ጫፍ በምራቋ አርሳ ቀለሙ ይለቅ እንደ ሆነ ትፈትናለች፣ ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ትራመዳለች። ዋጋው ያን ጊዜ ይወርዳል። የነጋዴው እናትም አልሞተችም፤ ልጅዋ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገድላት ባታውቅ ይሻላታል። ሁለቱም አልተጣሉም፣ ሁለቱም ያ መሐላ የንግግር ማጣፈጫ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ያውቃሉና። በገበያ እንዲህ ጠንቃቃ የሆነችው ሴት ግን ማታ ቤቷ ገብታ በቴሌቪዥን አዲስ ሹም እጁን አንሥቶ ሲምል ስታይ ጥለቱን ልፈትግ አትልም። በምድራዊ ጉዳይ ብልህ የሆነ ሕዝብ በመንግሥት ጉዳይ እንዲህ ገር የሚሆንበት ምክንያት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚህም የባሰ አለ። መሐላ ዋጋ ቢስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩበት፣ ከንቱ ልማድ ሞልቶናልና፤ ነገር ግን መሐላ የሚጎዳው ሰው አለ፤ እርሱም ሐቀኛው ነው። መሐላ ሌባው ዘልሎት የሚያልፍ፣ ባለቤቱን ብቻ አግቶ የሚያስቀር አጥር ነው። ሄሮድስ በልደቱ ግብዣ ላይ የፈለግሽውን ሁሉ እሰጥሻለሁ ብሎ በእንግዶቹ ፊት ባይምል ኖሮ ዮሐንስ መጥምቅን ባልገደለ፣ ራሱ ሊገድለው አልፈለገም ነበርና፤ የነቢዩን አንገት ያስቈረጠው ቃሌን ላክብር ማለቱ ነው። ሳኦል ሠራዊቱን እስከ ማታ እህል እንዳይቀምስ አምሎ፣ ይህን ያልሰማው ልጁ ዮናታን በበትሩ ጫፍ ማር ስለ ላሰ ሊገድለው ተነሣ፤ ዮናታን የዳነው የንጉሡን መሐላ ሕዝቡ ስለ ጣሰለት ነው፤ መጽሐፉም ሕዝቡን አይነቅፍም። በገዛ ክብረ ነገሥታችን የተጻፈውስ ምንድን ነው? ንግሥት ማክዳ በግድ እንዳይነካት ሰሎሞንን አስማለችው፤ እርሱም ከቤቱ ምንም እንዳትወስድ አስማላት፤ ቅመም የበዛበት ማዕድ ካስበላት በኋላ ሌሊት ጥም ሲያቃጥላት ውሃ ብታነሣ መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ያዛት። ያ መሐላ ለንግሥቲቱ ጋሻ ሊሆናት ታስቦ ለጠቢቡ ወጥመድ ሆነለት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውሃ አንቀምስም ብለው የተማማሉት ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች፣ ሐዋርያው በሌሊት በወታደር ታጅቦ ወደ ቂሣርያ ከተወሰደ በኋላ ምን እንደ በሉ የሐዋርያት ሥራ አይነግረንም፤ በረኃብ እንዳልሞቱ ግን እጠረጥራለሁ።

የሩቁ ዘመን አላሳመነኝም ለሚል፣ የቅርቡን ላቅርብ። አዶልፍ ሂትለር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት ሲሆን የጀርመንን ሕገ መንግሥትና ሕጎች ሊጠብቅ ምሏል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ያለ ሸንጎ ሕግ ለማውጣት የሚያስችለውን ሥልጣን ወስዶ ሕገ መንግሥቱን በድን አደረገው። በተከታዩ ዓመት ኦገስት 2 ቀን ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በሞቱበት ዕለት ደግሞ የጦር ሠራዊቱ በሙሉ ለሂትለር ለራሱ፣ በስሙ፣ ያለ ወሰን ሊታዘዝ በእግዚአብሔር ስም እንዲምል ተደረገ። የሁለቱን መሐላ ፍጻሜ አስተያዩት። ከሃዲው የማለው መሐላ አንድ ቀን እንኳ አላገደውም፤ ወታደሮቹ የማሉለት መሐላ ግን ጥፋቱን አይተው ልባቸው የተነሣሣውን ብዙ መኰንኖች፣ ያውም ከመካከላቸው ሕሊና ያላቸውን፣ ዓመታት ሙሉ እጃቸውን አስሮ «ምያለሁ» አሰኛቸው። የመሐላን ኃይል የሚያመሰግን ሰው ይህን ታሪክ ካነበበ በኋላ የትኛውን መሐላ እንደሚያመሰግን ይንገረኝ።

«ይሁን፣ ለመንግሥት አይጥቀም፤ ለግል ቈራጥነት ግን ይጠቅማል፤ ሰው ራሱን በመሐላ ካላሰረ መጥፎ ልማዱን አይተውም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን ጉዳቱ ጐልቶ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። አረቄ ያስቸገረውን ሰው አስቡት፤ በጳጉሜን ተጠምቆ፣ በንስሐ አባቱ ፊት «ዳግመኛ ብቀምስ» ብሎ ራሱን ገዝቶ አዲሱን ዓመት ይቀበላል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይጸናል። ከዚያ የክርስትና ግብዣ ይመጣል፤ ጋባዡ መለኪያውን ሞልቶ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ይለዋል። እንግዲህ ሁለት መሐላ ተጋጠመ፤ የገዛ ግዝቱና የጋባዡ ሞት። አክባሪ ሰው ስለ ሆነ ጋባዡን ያከብራል፣ አንዲቷን ይጨልጣል። የሚያጠፋው ግን አንዲቷ መለኪያ አይደለችም፤ መሐላ ጥቂት መጣስና ብዙ መጣስ ብሎ ስለማይለይ፣ በአንዲቷ ጉንጭ ሁሉም ፈርሷልና «እንግዲህማ ከፈረሰ» ብሎ እስከ ንጋት ይጠጣል። ያለ መሐላ የተወ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ጠጥቶ፣ አዝኖ፣ ወደ ቤቱ በሄደ። ይህኛው ግን ከስካሩ ሲነቃ መክዳቱ ተጨምሮበት ያፍራል፣ ካህኑን ይሸሻል፣ ቈይቶም ቀኖናውን ተቀብሎ፣ ስግደቱን ሰግዶ፣ ከፊተኛው የጠነከረ መሐላ ይምላል። መሐላው በየዓመቱ እየከረረ፣ ሰውየው በየዓመቱ እየላላ ይሄዳል።

ይኸው ሰው፣ ቃሉን ለአንድ ወር መጠበቅ የተሳነው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ ይጾማል። ማን አስማለው? ማንም። ሥጋ ቤቱ ስለ ተዘጋ፣ ሚስቱ ወጡን በዘይት ስለ ሠራች፣ ጐረቤቱ ሁሉ ሽሮና ምስር ስለሚበላ ይጾማል። እንዲሁም ገንዘብ አጠራቅማለሁ ብሎ ለራሱ ስንት ጊዜ ምሎ አንድ ብር ያላስቀረ ሠራተኛ ዕቁቡን በየቅዳሜው ሳያጓድል ይጥላል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ስለሚጠብቁት፣ ዕጣ የደረሰው ሰውም ዋስ ሳያመጣ ገንዘቡን ስለማይወስድ ነው። እስከ ዛሬ ዕቁብተኛን ወንጌል አስይዞ የሚያስምል ዕቁብ አልሰማሁም። ገዳሞቻችንም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ጥበብ አላስተማሩንም፤ ዓለምን ንቆ የመጣውን ሰው በመጣበት ዕለት የዕድሜ ልክ ቃል አያስገቡትም፤ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ አረጋውያኑን እየረዳ በአበው ዓይን ሥር በአመክሮ ይቈያል፤ ቆቡን የሚደፋው፣ የምንኵስናውን ቃል የሚሰጠው፣ ሥራው ከታየ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥራን አስቀድማ ቃልን አስከተለች፤ እኛ ቃሉን እናስቀድማለን፣ ሥራው ሲመጣ እናያለን እንላለን። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ከቶ እንዳይምሉ ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙን የሚያውቁ ሰዎች፣ ሕዝቡን በወንጌል ላይ እጅ አስጭኖ ለማስማል ሲጣደፉ ማየት የሚያስገርም ነው፤ የሚያስጭኑበት መጽሐፍ መሐላን የሚከለክል መጽሐፍ ነውና።

ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ከሁሉ የሚከብደው የዐድዋው ነው፤ ምኒልክ በማርያም ምለው ባያስከትቱ ኖሮ ያ ሁሉ ሠራዊት ባልተነሣ ይሉኛል። በ1888 ዓ.ም. መግቢያ በታወጀው የክተት አዋጅ ንጉሠ ነገሥቱ የቀረውን ሰው እንደማይምሩ በእመቤታችን ስም መማላቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የማሉት ንጉሡ ናቸው፣ ሕዝቡ አልማለም፤ የንጉሡም መሐላ ሊቀጡበት የሚችሉት ክንድ ከኋላው የቆመለት መሐላ ነበር፤ ከፊት ደግሞ ርስቱን ሊወስድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጠላት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ባሉበት ማርያም ባትጠራም ሰው ይከታል፤ ሁለቱ በሌሉበት ግን ሠላሳ ታቦት ቢጠራ አይነሣም።

«ፍርድ ቤትስ?» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር እንዲምል ወይም እውነት ለመናገር እንዲያረጋግጥ ሲያዝዝ፣ የማይምለውን ሰው ቃል ዋጋ አልነሣውም፤ ያው ሕግ መስቀለኛ ጥያቄን አዘጋጅቷል፣ የወንጀል ሕጉም ሐሰተኛውን ምስክር በእስራት ይቀጣል። ሕግ አውጪው መሐላውን ቢያምን ኖሮ መስቀለኛውን ጥያቄ ባልጨመረበት። በፍርድ ቤት አጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ለማያውቀው ጉዳይ በገንዘብ የሚመሰክር ሰው የሚፈራው ጠበቃው «ያን ዕለት ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ነው፤ መጽሐፉንማ ዳኛው ሳያዝዘው ገና ከበሩ ጀምሮ እጁን ዘርግቶ ይመጣል።

ስለዚህ አዲሱን ሹም በምን እናስረው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ አባቶቻችን ተበዳሪውን ባሰሩበት እንሰረው እላለሁ። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ከወጣ ወዲህ ሹመኛ ያለውን ቤት፣ መሬትና ገንዘብ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። የጎደለው፣ ያ መዝገብ እንደ ዋሱ በሬና ማሳ በጐረቤት ሁሉ ዘንድ የታወቀ አለመሆኑ ነው። ሹሙ በተሾመበት ሳምንት ዝርዝሩ ሥራ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደጅና በሚኖርበት ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየዓመቱም የጨመረው ከየት እንደ መጣ ተጽፎ በዚያው ይለጠፍ፤ ለሹመት ያቀረበው ባለሥልጣንም ስሙ ከታች ይጻፍ፣ የተሿሚው ጕድለት በተገኘ ጊዜ አብሮ ቀርቦ ይጠየቅ። ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ መማል ደስ የሚለው ሹም ካለ አንከልክለው፤ በአራቱም ወንጌል ይማል።